ይደገም!

እኛ አገር አንድ ድምፃዊ መድረክ ላይ ወጥቶ የወደድነውን ዘፈን ሲጨርስ «ይደገም! ይደገም!» እያልን እንጮኻለን። ቃሉ የፍቅር ቃል ነው። ዘፋኙም ደስ ብሎት፣ ላቡን በመሐረብ ጠርጎ እንደገና ይጀምራል። ጣጣው የሚመጣው ይህ «ይደገም» ከአንድ ምሽት አልፎ አሥርና ሃያ ዓመት የዘለቀ እንደሆነ ነው። ሰውየው አግብቶ፣ ወልዶ፣ ጸጉሩ ገብስማ ሆኖ ሳለ እኛ ግን በሃያ ዓመቱ የዘፈነውን፣ በሃያ ዓመት ልቡ እንዲዘፍንልን እንፈልጋለን። ያን ጊዜ ምርቃቱ የእግር ብረት ይሆናል።

ይህን ሐሳብ የጫረብኝ የአገሬ ዘፋኝ ሳይሆን የአሜሪካ ራፕ ነው። አንዳንድ አንባቢ «ደግሞ ብለው ብለው ራፕ!» ብሎ ገጹን ሊገለብጥ ይችል ይሆናል፤ እባክዎ ጥቂት ይታገሡኝ። በጥበብ ማደግና በገበያ መክበር አብረው ይሄዳሉ ወይስ አንዱ ሌላውን ይበላል የሚለው ክርክር እንደ ራፕ በግልጽ የሚካሄድበት የጥበብ ዘርፍ አላጋጠመኝም። ሠዓሊም ሆነ ደራሲ ስለ ገንዘብ ሲያወራ ያፍራል። ራፐር ግን ስንት እንደሸጠ፣ ስንት እንደተከፈለውና ማን እንዳጭበረበረው እዚያው ግጥሙ ውስጥ ይነግርዎታል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የእኔ እኩዮች ተሰብስበው ስለ ራፕ ባወሩ ቁጥር የማይቀር ሮሮ አለ። «ድሮ ራፕ ለእውነት ነበር፤ ዛሬ ለገንዘብ ሆነ» ይላሉ። አባባሉ ጆሮ ይስባል፤ ታሪኩ ግን አይደግፈውም።

ኦገስት 11 ቀን 1973 በኒውዮርክ ከተማ ብሮንክስ በሚባለው ክፍል፣ በሴጅዊክ ጎዳና ቁጥር 1520 ሕንፃ ውስጥ አንድ የወጣቶች ጭፈራ ተዘጋጀ። አዘጋጇ ሲንዲ ካምቤል ነበረች፤ ሸክላ የሚያጫውተው ደግሞ ወንድሟ ክላይቭ፣ በኋላ ዲጄ ኩል ኸርክ ተብሎ የታወቀው ነው። ዛሬ የሒፕ ሆፕ ልደት ተብሎ የሚከበረው ያ ምሽት ለምን እንደተዘጋጀ ያውቃሉ? ሲንዲ ለአዲሱ የትምህርት ዘመን ልብስ መግዣ ገንዘብ ስለፈለገች ነው። መግቢያው ለሴቶች 25 ሳንቲም፣ ለወንዶች 50 ሳንቲም ነበር። እንግዲህ ራፕ ገና ሲወለድ በሩ ላይ ገንዘብ ተቀባይ ቆሞ ነበር ማለት ነው።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1979፣ ይህን ሙዚቃ ከሰፈር አውጥቶ ለዓለም ያሰማው «ራፐርስ ዲላይት»ም ቢሆን ከጎዳና ጭፈራ በራሱ ጊዜ የበቀለ አልነበረም። ሲልቪያ ሮቢንሰን የተባለች የሙዚቃ አሳታሚ ገበያው ስለሸተታት ሦስት ወጣቶች ሰብስባ ያስቀረጸችው ነው። ከስንኞቹም ከፊሎቹ ግራንድማስተር ካዝ የተባለ ሌላ ራፐር የጻፋቸው ነበሩ፤ ሸክላው ላይ ግን ስሙ አልሰፈረም።

ስለዚህ ገንዘብ በራፕ ቤት ዘግይቶ የገባ እንግዳ አይደለም፤ አብሮ አደግ ነው። ደግሞስ ቤት ኪራይ አስጨንቆት የማያውቅ ሰው «ለጥበብ ሲሉ መራብ» እያለ ሲሰብክ መስማት ትንሽ አያሳፍርም? ራፕን የፈጠሩት ድሆች ናቸው። ለነሱ መሸጥ ማለት እናትን ከተጎሳቆለ ሕንፃ ማውጣት ነበር። ጥያቄው «ሸጠ ወይስ አልሸጠም» ከሆነ እንግዲህ ገና ከመነሻው ስተናል ማለት ነው።

* * *

ታዲያ ትክክለኛው ጥያቄ የቱ ነው? ለእኔ ነገሩን ያፍታታልኝ የናስ ታሪክ ነው።

ናሲር ጆንስ፣ በመድረክ ስሙ ናስ፣ የተወለደው በዚያው በ1973 ነው፤ ከሒፕ ሆፕ ጋር እኩያ ነው። ያደገው ኒውዮርክ ውስጥ ክዊንስብሪጅ በሚባለውና በአገሩ በስፋቱ ተወዳዳሪ በሌለው የመንግሥት የኪራይ ቤቶች መንደር ነው። አባቱ ኦሉ ዳራ የጃዝ ሙዚቀኛ ናቸው። ልጁ ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አላሻገረም። በኤፕሪል 1994፣ ገና በሃያ ዓመቱ፣ «ኢልማቲክ» የተባለውን የመጀመሪያ አልበሙን አወጣ። ርዝመቱ አርባ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። አባቱም በአንዱ ዘፈን ማብቂያ ላይ ነሐስ እየነፉ ይሰማሉ። በዚያን ጊዜ የራፕ ዳኛ ይባል የነበረው «ዘ ሶርስ» መጽሔት የመጨረሻውን ከፍተኛ ነጥብ፣ አምስት ማይክሮፎን፣ ሰጠው።

ተቺው አጨበጨበ፤ ገበያው ግን ዳተኛ ነበር። አልበሙ የግማሽ ሚሊዮን ሽያጭ የምስክር ወረቀት ያገኘው በ1996 መጀመሪያ ሲሆን ሚሊዮን የደረሰው በ2001 ነው። ናስ የጥበብ አክሊል ደፍቶ በኪሱ በኩል እኩዮቹ ጥለውት ሲሄዱ አየ። በ1996 ሁለተኛውን አልበም «ኢት ዎዝ ሪትን»ን ይዞ ብቅ ሲል ቅንብሩ ለስልሷል፣ ለሬዲዮ የሚመች ሆኗል፣ ከሎሪን ሒል ጋር የተጫወተው ተወዳጅ ዘፈንም አለበት። አልበሙ በወጣ ሰሞን በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። የመጀመሪያውን ያመለኩ ሰዎችም ወዲያው ፈረዱ፤ «ናስ ለሆዱ አደረ» አሉ።

እኔ ይህን አልበም የሰማሁት ከወጣ ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ፍርዱን ቀድሜ ከሰማሁ በኋላ ነው። ሳዳምጠው ግን አንድ ዘፈን አስቆመኝ። በዘፈኑ ውስጥ የሚናገረው ሰው አይደለም፤ ሽጉጥ ነው። ሽጉጡ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ያየውን፣ ያስገደሉትን፣ መጨረሻ ላይም እምቢ ለማለት የመከረውን ይተርካል። ሰዋስው መምህራችን «ሰውኛ ዘይቤ» እያሉ ያስተማሩንን ነገር አንድ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት የግድያ መሣሪያ አፍ ውስጥ ከትቶት አገኘሁት። «ኢልማቲክ» ውስጥ እንዲህ ያለ ሙከራ የለም። ለሆዱ አደረ በተባለበት አልበም ውስጥ ሰውየው አድጎ ነበር፤ ለማየት የፈለገ ግን ጥቂት ነበር።

ከዚህ በኋላ ልብ ያልኩት ነገር አለ። ነጋዴው ናስን «ትናንት የተሸጠውን ዓይነት አምጣ» ይለዋል። ንጹሕ ጥበብ ወዳዱ አድናቂ ደግሞ «ትናንት የወደድኩትን ዓይነት አምጣ» ይለዋል። ሁለቱ ጠላቶች ይመስላሉ፤ አንዱ ሌላውን ይሰድባል። የሚጠይቁት ግን አንድ ነገር ነው፤ ይደገም! እድገትን የሚቃወመው እንግዲህ ገንዘብ ብቻውን አይደለም፤ ድግግሞሽ ነው። ድግግሞሽ ደግሞ በገበያ ስምም በጥበብ ስምም ይታዘዛል።

ናስ በሁለቱም ተንገላቷል። በ1999 ያወጣው «ናስትራዳመስ» ገበያ ሲከተል ገበያውንም ጥበቡንም ያጣ ሥራ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እኔም አልከራከራቸውም። በ2001 ያወጣውን «ስቲልማቲክ» ብሎ ሲሰይመው የአድናቂውን ናፍቆት በስም እየመለሰ ነበር። በ2014 «ኢልማቲክ» ሃያ ዓመት ሲሞላው ዋሽንግተን ኬኔዲ ማዕከል ውስጥ ከብሔራዊ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር አልበሙን ተጫወተው። ክብር ነው፤ አያጠራጥርም። ግን ያም ቢሆን ሙሉ ልብስ የለበሰ «ይደገም» ነው።

ከድግግሞሹ ያመለጠባቸውን ቦታዎች እወድለታለሁ። አንዱ ወደ እኛ ደጅ ያመጣዋል። በ2010 ከጃማይካዊው ዴሚያን ማርሊ ጋር «ዲስታንት ሬላቲቭስ» የተባለ አልበም ሲያወጣ የመክፈቻው ዘፈን የተሠራው በሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ላይ ነው። ሙላቱ ራሱ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ምስክር ነው። ኢትዮ ጃዝን በ1960ዎቹ ኒውዮርክ ውስጥ ሲጀምር ሰፊ ገበያ አልጠበቀውም። ሥራዎቹ በ1998 በፈረንሳይ በታተመው የ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ሸክላ፣ በኋላም በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልም አማካይነት ዓለምን ዞሩ። የክዊንስብሪጁ ልጅ ያንን ዜማ አንሥቶ ግጥም ሲደረድርበት ሁለት ትዕግሥተኞች የተገናኙ ይመስለኛል።

ናስ በመጨረሻ የግራሚ ሽልማት ያገኘው በ2021፣ በ47 ዓመቱ፣ «ኪንግስ ዲዚዝ» በተባለው አልበም ነው። ከ2020 እስከ 2023 ሒት ቦይ ከተባለው አቀናባሪ ጋር ስድስት አልበም አወጣ። ስለ ዕድሜ፣ ስለ አባትነት፣ ስለ ሞቱ ጓደኞች የሚያወራ ጎልማሳ ነው የምንሰማው። ይህን ነጻነት ከየት አመጣው? አንዱ መልስ ገንዘብ ነው። ገና ጀማሪ በነበሩ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ላይ ገንዘቡን አፍስሶ ነበር፤ አንዱን፣ ሪንግ የተባለውን፣ በ2018 አማዞን ገዛው። የምግቡ ጉዳይ በሌላ በኩል ስለተሟላ ዘፈኑ ለምግብ መሮጥ አላስፈለገውም።

* * *

ይህን ሁሉ ያሰላስልኩት በትርፍ ጊዜዬ ብቻ አይደለም። የአክስቴ ልጅ ራፐር ነው። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ገርጂ ካለው ቤታቸው አንዲቱን ጠባብ ክፍል በስፖንጅና በእንቁላል ካርቶን ለብዶ እዚያ ይቀዳል። ባለፈው ክረምት ሁለት ሥራዎቹን በስልኩ አሰማኝ። አንደኛው ሁለት ደቂቃ የማይሞላ፣ ቀልድ ቢጤ፣ ልጆች በቲክቶክ እየጨፈሩበት የተዛመተ ዘፈን ነው። ሁለተኛው አምስት ደቂቃ የሚፈጅ፣ ሟች አባቱ ሌሊት ጥበቃ ሆነው ስላሳለፉት ዘመን የሚተርክ ነው። ሁለተኛውን ከዘመድና ከጎረቤት በቀር የሰማው ሰው የለም ማለት ይቻላል።

«አንተ መጽሔት ላይ ትጽፋለህ» አለኝ። «ንገረኝ እስቲ፣ የቱን ልቀጥል? እማዬ የቤት ኪራይ ጨምረውባታል።»

መልሱ እንዳሰብኩት ቀላል አልሆነም፤ የዛሬው ገበያ ከ1994ቱ የባሰ ስልታዊ ነውና። በስፖቲፋይ አንድ ዘፈን «ተደመጠ» ተብሎ የሚቆጠረው ሠላሳ ሰከንድ ሲሞላ ነው። ከዚያ በኋላ አምስት ደቂቃ ቢፈጅም ሁለት ደቂቃ ቢፈጅም ቁጥሩ ያው አንድ ነው። በ2014 መጨረሻ ቢልቦርድ የአልበም ሰንጠረዡን ሲያሻሽል 1,500 ጊዜ በኢንተርኔት መደመጥ እንደ አንድ አልበም ሽያጭ እንዲቆጠር ደነገገ፤ ቀመሩ ከዚያ ወዲህም ተለዋውጧል። ውጤቱን ማንም ነጋዴ ሊገምተው ይችላል፤ ዘፈኑ ያጥራል፣ የዘፈኑ ቁጥር ይበዛል። በ2018 የሚጎስ «ከልቸር 2» 24 ዘፈን፣ የድሬክ «ስኮርፒዮን» 25 ዘፈን ይዘው ወጡ። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ስፖቲፋይ በዓመት ውስጥ 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን ክፍያ እንዳይታሰብ አድርጓል። ስለ ሌሊት ጥበቃ የተጻፈችው ዘፈን በዚህ ሚዛን ላይ ስትወጣ ምን ያህል እንደምትቀል አስቡት።

ለአክስቴ ልጅ ምክር ከመስጠት ይልቅ ሦስት ታሪክ ነገርኩት።

የመጀመሪያው የዴ ላ ሶል ነው። ሦስቱ የሎንግ አይላንድ ልጆች በ1989 ባወጡት የመጀመሪያ አልበም በአበባ ያጌጡ፣ ሳቂታ፣ እንግዳ ልጆች ሆነው ተወደዱ። ዓለምም እንደ ልማዱ «ይደገም» አለ። እነሱ በ1991 ሁለተኛውን አልበም «ዴ ላ ሶል ሞቷል» ብለው ሰየሙት፤ ሽፋኑ ላይም የተገለበጠና የተሰበረ የአበባ ማሰሮ ሳሉበት። ሽያጩ ከፊተኛው አነሰ፤ ቡድኑ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖረ። ታሪኩ መራራ ጎንም አለው። ከሌሎች ሸክላዎች ቆርጠው በወሰዷቸው ድምፆች ፈቃድና በውል ጣጣ የተነሣ የቀድሞ ሥራዎቻቸው በኢንተርኔት ማዳመጫዎች ላይ የወጡት በማርች 2023 ነው። ከሦስቱ አንዱ፣ ዴቭ ጆሊኮር፣ ያን ቀን ሳያይ ጥቂት ሳምንታት ቀድሞ አረፈ። «ማደግ ብቻ አይበቃም፤ ውልህን አንብብ» አልኩት።

ሁለተኛው የኒፕሲ ሐስል ነው። ኤርምያስ አስገዶም፣ አባቱ ኤርትራዊ፣ ያደገው ሎስ አንጀለስ። በ2013 «ክሬንሾ» የተባለውን ሥራውን በነጻ በኢንተርኔት ለቀቀና 1,000 ቅጂ ብቻ አሳትሞ አንዱን በ100 ዶላር ሸጠው። መቶውን ጄይ ዚ ብቻውን ገዛ። የአክስቴ ልጅ ወዲያው አባዛው፤ «መቶ ሺሕ ዶላር!» አለ። ሚሊዮን ሰው ሳያስደስት፣ ሺሕ ሰው በጽኑ የሚፈልገውን ሠርቶ መኖር እንደሚቻል ኒፕሲ አሳይቷል። ቀጣዩን ትልቅ አልበም በራሱ ፍጥነት አዘጋጅቶ በ2018 አወጣው። በማርች 31 ቀን 2019 ባደገበት ሰፈር፣ በራሱ ልብስ መሸጫ ደጃፍ ላይ በጥይት ተገደለ። ሰፈሩን ትቶ ያልሄደው ሀብቱን እዚያው ለማዋል ስለፈለገ ነበር።

ሦስተኛው የሎሪን ሒል ነው፤ ይህኛውን ስነግረው ድምፄ ዝቅ ብሎ ነበር። በ1998 ያወጣችው አልበም በ1999 አምስት ግራሚ አስገኘላት፤ የዓመቱን ምርጥ አልበም ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው የሒፕ ሆፕ ሥራም ሆነ። ጥበብና ገበያ በአንድ ሰው እጅ እንዲያ ተጨባብጠው አያውቁም። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ የስቱዲዮ አልበም ለብቻዋ አላወጣችም። ምክንያቱን እሷ ታውቃለች፤ እኔ አልፈርድም። ይህ ግን «መጀመሪያ ተሳካ፣ ከዚያ የፈለግኸውን ትሠራለህ» የሚለውን የነጋዴ ምክር ሁሉም ሰው ሊከተለው እንደማይችል ያሳየኛል። አንዳንዱን ስኬቱ ራሱ አፉን ይዘጋዋል።

* * *

በእርግጥ ነገሩ የሰመረላቸውም አሉ። የኮምፕተኑ ኬንድሪክ ላማር በ2012 አልበሙ ገበያውን ከያዘ በኋላ ያንኑ መድገም ይችል ነበር። እሱ ግን በ2015 ካማሲ ዋሽንግተንን፣ ተርስ ማርቲንንና ሮበርት ግላስፐርን የመሳሰሉ የጃዝ ሰዎች ሰብስቦ «ቱ ፒምፕ ኤ በተርፍላይ»ን ሠራ፤ ለመኪና ሬዲዮ የማይመች፣ የሚጎረብጥ፣ በራሱ ስኬት የሚጨነቅ ሥራ። በ2018 ደግሞ «ዳም» በተባለው አልበሙ የፑሊትዘርን የሙዚቃ ሽልማት ወሰደ፤ ከክላሲካልና ከጃዝ ውጭ ሽልማቱ ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር። አንድሬ 3000 ከአውትካስት ጋር በ2004 የዓመቱን ምርጥ አልበም ግራሚ ያገኘ ሰው ነው። በ2023 አንድም ቃል የማይራፕበት የዋሽንት አልበም አወጣ። በዚህ ዕድሜው ስለ ዓይኑ መድከምና ስለ ሐኪም ምርመራ መራፕ እውነት እንደማይመስለው በግልጽ ተናገረ። ብዙ ሰው ተቆጣ። እኔ ግን ሽያጩ ያስገኘለትን ሀብት ለዚህ ካዋለው ከዚህ የተሻለ ግዢ አላየሁም።

እነዚህን ሁሉ ሳስተያይ መለኪያዬ እየጠራ መጣ። አንድ ራፐር መሸጡን ሳይሆን በሸጠው ምን እንደገዛ እጠይቃለሁ። ጊዜ ገዛበት? የራሱን ቅጂዎች ባለቤትነት ገዛበት? ወይስ ሌላ የሚደገም ዘፈን ብቻ? ለውጥ ሁሉ እድገት እንዳልሆነም አውቃለሁ፤ የሰሞኑን ነፋስ ተከትሎ መለወጥም አለና። እድገት የምለው ለባለቤቱ የሚያስከፍለውን ነው። ሲሠራው ያጣው አድማጭ ወይም ያጣው ገንዘብ ካለ ቆም ብዬ አዳምጠዋለሁ።

እኔም በዚሁ ሚዛን ላይ ነኝ። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ይዤ በጽሑፍ ቁጥር እየተከፈለኝ የምኖር ሰው ነኝ። አንድ ጽሑፍ የተወደደልኝ እንደሆነ አዘጋጁ ደውለው «እንደዚያኛው ያለ ሌላ አምጣ» ይላሉ። በክፋት አይደለም፤ አንባቢ ወዶታልና ነው። አንዳንዴ እንደዚያው ያለ አመጣለሁ፤ ኪራዩ ይከፈላል። አንዳንዴ ደግሞ ያልተጠየቅሁትን፣ ማን እንደሚያነበው የማላውቀውን እጽፋለሁ። ሁለተኛውን የምጽፈው አንደኛው በገዛልኝ ሳምንት ውስጥ ነው። ይህን ሒሳብ ስላወቅሁት ነው ለአክስቴ ልጅ «ቀልዱን ተው» ያላልኩት። እናቱ አሉበት። ያልኩት ይህን ብቻ ነው፤ «በቀልዱ ኪራዩን ክፈል፤ የአባትህን ዘፈን ግን አታሳጥረው።»

ለእኛ ለአድማጮቹ ደግሞ የምለው አለኝ። ገበያ ገበያ እያልን የምናማው ሌላ ማንም አይደለም፤ ሠላሳ ሰከንድ ሳይሞላ ዘፈን የሚዘለው የእኛው አውራ ጣት ነው። የምንወደው ሰው የማናውቀውን ነገር ይዞ በመጣ ጊዜ «የድሮው ይሻላል» ከማለታችን በፊት እስከ መጨረሻው አንድ ጊዜ፣ ከተቻለም ሁለት ጊዜ እናዳምጠው። ከዚያ በኋላ ካልወደድነው እንተወው፤ መብታችን ነው። የአክስቴ ልጅ የአባቱን ዘፈን እስካሁን አላሳጠረውም። አምስት ደቂቃ ከምናምን ነው።